«ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ንግግሩ ግን ያመልጠኛል»

ጥያቄውን የላከችልኝ እህት ኮምቦልቻ ባለ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። የምትኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ጥያቄዋን አሳጥሬ ላቅርበው።

«ሰላም መምህር። ተማሪ እያለሁ በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነበርኩ። ዛሬም አንብቤ እረዳለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ከውጭ የመጡት አሠልጣኞች ሲያወሩ ግን ይጠፋብኛል። ቃሉ ከባድ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። የሚሉት ‹ጌት›፣ ‹ፑት›፣ ‹ቴክ›፣ ‹ተርን› ነው፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ‹ግሥ እንደ «አፕ» እና «ኦፍ» ካለ ትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ ሌላ ትርጉም ሲይዝ ፍሬዛል ቨርብ ይባላል› ሲሉኝ ከቴሌግራም 500 የሚሆኑ የተዘረዘሩበት ፒዲኤፍ አውርጄ መሸምደድ ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላ ተደበላለቀብኝ። እኔ ስናገር ደግሞ ‹እንግሊዝኛሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል› ይሉኛል። ከየት ልጀምር? ለቢሮ በምጽፈው ኢሜይል ላይስ ልጠቀምባቸው?»

አብሽሪ እህቴ። ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው እንጂ አንቺ ላይ አይደለም። እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ የሚደረደሩት በግሡ ነው። «ጌት አፕ»፣ «ጌት ኦን»፣ «ጌት ኦፍ»፣ «ጌት ባይ»፣ «ጌት ኦቨር» እየተባለ ገጹ ይሞላል። መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የማይገናኝ ቃላት በአንድ ላይ ሲጠኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ደግሞስ ቀኑን ሙሉ ስለ «ጌት» የሚያወራ ማን አለ? ሰው የሚያወራው ስለ ሰርቪሱ፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ መብራቱ ነው። ስለዚህ ግሡን ተዪውና ከራስሽ ውሎ ጀምሪ። በቀን የምትነኪውን፣ የምትለብሺውን፣ የምትከፍቺና የምትዘጊውን ነገር ተከተዪ።

እንግሊዝኛሽ መጽሐፍ መጽሐፍ ማለቱም ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ዘመን ቤተ መንግሥቱና ችሎቱ በፈረንሳይኛ፣ ቤተ ክህነቱና ትምህርቱ በላቲን ሆነ። ገበሬውና ባለ እጁ ግን በጥንቱ እንግሊዝኛ ማውራቱን አልተወም። ከዚህ የተነሳ ዛሬ ለአንድ ነገር ሁለት ዓይነት ቃል ይገኛል። ስብሰባ ማስተላለፍ ከላቲን በመጣው ቃል «ፖስትፖን» ነው፤ ሰው ሲያወራ ግን «ፑት ኦፍ» ይለዋል። መታገሥ «ቶለሬት» ነው፤ በአፍ «ፑት አፕ ዊዝ»። መመርመር «ኢንቬስቲጌት» ነው፤ በአፍ «ሉክ ኢንቱ»። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ደግሞ የሚመርጠው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው። ስለዚህ የተማርሽው ትክክል ነው። የጎደለሽ የንግግሩ ግማሽ ነው።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳም አይደለም። አንድ የውጭ አገር ሰው «ቁጭ በል» ስትዪው «በል»ን በመዝገበ ቃላት ቢፈልግ «ተናገር» የሚል ነው የሚያገኘው። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ»፣ «ልብ አለ» የምንለውን ቆራርጠን አልተማርነውም። ቤት ውስጥ፣ ሰው ቁጭ ሲልና ብድግ ሲል እያየን ነው አፋችን ላይ የገባው። «እጅ ሰጠ»ን እንግሊዝኛው «ጊቭ አፕ» ይለዋል። ሁለቱንም በየቃላቸው ብትፈቺያቸው ምንም አታገኚም።

እስቲ ከጠዋትሽ እንነሳ። «ዌክ አፕ» ዓይንን መግለጥ ነው፤ «ጌት አፕ» ከአልጋ መውረድ። የደሴ ብርድ በሁለቱ መካከል ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስገባ አንቺው ታውቂያለሽ። ቀጥሎ ልብስ። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው፦ ልብስ ይለበሳል፣ ቀበቶ ይታጠቁታል፣ ባርኔጣ ይደፉታል፣ መነጽርና ጫማ ያደርጉታል። እንግሊዝኛ ለሁሉም «ፑት ኦን» ይበቃዋል። ማውለቁም ለሁሉም «ቴክ ኦፍ» ነው። ብዙ ተማሪዎቼ እዚህ ጋ «ዌር» ይላሉ። «ዌር» ግን ለብሶ መቆየት ነው። «ሺ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ጃኬት» ካልሽ ጃኬት ለብሳለች ማለት ነው። እጇን እያስገባች ያለችበትን ቅጽበት ለመናገር «ሺ ኢዝ ፑቲንግ ኦን ኤ ጃኬት» ትያለሽ። ፋብሪካው በር ላይ «ፑት ኦን ዩር ማስክ» ሲሉሽ አሁን አድርጊ ማለታቸው ነው።

ከዚያ መንገድ። ከደሴ መነሳት «ሴት ኦፍ» ነው። ሰርቪስ ላይ መሳፈር «ጌት ኦን»፣ መውረድ «ጌት ኦፍ»። ባጃጅና ትንሽ መኪና ሲሆን ግን «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ» ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ ቆመሽ የምትራመጂበት ትልቅ ነገር ከሆነ «ኦን» እና «ኦፍ»፣ ጎንበስ ብለሽ የምትገቢበት ከሆነ «ኢን» እና «አውት»። ሚኒባስ ላይ ሁለቱንም ትሰሚያለሽ፣ አትጨነቂበት። «ወራጅ አለ!» ለማለት «አይም ጌቲንግ ኦፍ ሂር» ይበቃል። አንድ ሰው በመኪናው ቢያደርስሽ ደግሞ «ኩድ ዩ ድሮፕ ሚ ኦፍ አት ፒያሳ?» ትዪዋለሽ። የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ሾፌሩ ፍጥነት ከቀነሰ «ስሎው ዳውን» አደረገ ነው፤ ከጨመረ «ስፒድ አፕ»። መኪናው ዳገቱ ላይ ከተበላሸ «ብሬክ ዳውን»።

አሁን ወደ ስልኩና ወደ መብራቱ። የአማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እኛ ቴሌቪዥን እንከፍታለን፣ ሙዚቃ እንዘጋለን፣ ቧንቧ እንከፍታለን። ስለዚህ «ኦፕን ዘ ቲቪ»፣ «ክሎዝ ዘ ሚውዚክ» ይወጣናል። የውጭ ሰው ይገባዋል፣ ግን እንዲህ አይልም። ቴሌቪዥንም ማሽንም መብራትም ቧንቧም «ተርን ኦን» እና «ተርን ኦፍ» ነው የሚባሉት። ድምፅ መቀነስ «ተርን ዳውን»፣ መጨመር «ተርን አፕ»። ስልክም እንዲሁ ነው። ስልክ ማንሳት «ፒክ አፕ» ነው፤ «ሺ ዲድንት ፒክ አፕ» ማለት አላነሳችም። ስልክ መዝጋት «ሃንግ አፕ» (hang up) ነው፤ «ዘጋብኝ» ስትዪ ግን ያለፈ ነገር ስለሆነ «ሃንግ» ወደ «ኸንግ» (hung) ይለወጥና «ሂ ኸንግ አፕ ኦን ሚ» ይሆናል፤ ጆሮሽን ጣል አድርጊበት። «መልሼ ልደውልልህ» ደግሞ «አይል ኮል ዩ ባክ» ነው። «ቆይ አንዴ» ለማለት «ሆልድ ኦን»።

ወደ ማምረቻ መስመሩ፣ ወደ ላይኑ እንግባ። ይህ አጭር ንግግር በምትሠሪበት ዓይነት ቦታ በየቀኑ የሚባል ነው።

«ማሽን ፎር ሃዝ ብሮክን ዳውን።»
«ተርን ኢት ኦፍ። አይል ሉክ ኢንቱ ኢት።»
«ዊቭ ኦልሶ ረን አውት ኦቭ ብላክ ትሬድ።»
«ኦኬ። ፑት ዚስ ባች አሳይድ። ዊል ካች አፕ አፍተር ላንች።»

ትርጉሙ ይህ ነው። አራተኛው ማሽን ተበላሽቷል። አጥፊው፣ አየዋለሁ። ጥቁር ክርም አልቆብናል። እሺ፣ ይህን ባች፣ ማለትም ይህን ዙር ምርት፣ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊው፤ ከምሳ በኋላ እንደርስበታለን።

አሁን «ኢት» የምትባለዋን ትንሽ ቃል ተከታተያት። በ«ተርን ኢት ኦፍ» መሃል ገባች። በ«ሉክ ኢንቱ ኢት» መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንዳንዶቹ ፍሬዛል ቨርቦች ይከፈታሉ፣ ዕቃውን (ድርጊቱ የሚያርፍበትን ነገር) መሃል ያስገባሉ። ሙሉ ስም ሲሆን ምርጫ አለሽ፤ «ተርን ኦፍ ዘ ማሽን» ብትዪም «ተርን ዘ ማሽን ኦፍ» ብትዪም ልክ ነው። «ኢት» ወይም «ዜም» ሲሆን ግን ምርጫ የለም፣ መሃል መግባት ግድ ነው። «ተርን ኦፍ ኢት» የሚል እንግሊዝኛ የለም። እንደ «ሉክ ፎር»፣ «ሉክ አፍተር»፣ «ሉክ ኢንቱ» ያሉት ደግሞ አይከፈቱም፤ ምንጊዜም «ሉክ ፎር ኢት» ነው። «ብሬክ ዳውን» ዕቃ አይፈልግም፤ ማሽኑ ራሱ ይበላሻል። «ረን አውት ኦቭ» ሦስቱም ቃላት ተያይዘው ይሄዳሉ፣ ያለቀው ነገር ከኋላ ይመጣል።

ይህን ሁሉ ሕግ መሸምደድ አያስፈልግሽም። አንድ ዘዴ ይበቃል፤ እያንዳንዱን ፍሬዛል ቨርብ ከነ«ኢት»ው ያዢው። «ተርን ኦፍ» ብለሽ አትጻፊ፤ «ተርን ኢት ኦፍ» በዪ። «ፊል ኢት ኢን» ማለትም ፎርሙን መሙላት፣ «ሃንድ ኢት ኦቨር» ማለትም ማስረከብ፣ «ፑት ኢት ኦፍ» ማለትም ማስተላለፍ። «ሉክ ፎር ኢት»፣ «ሉክ አፍተር ኢት»። ጆሮሽ አንዴ ከለመደው «ተርን ኦፍ ኢት» ሲባል ራሱ ይጎረብጥሻል። መዝገበ ቃላትም ያግዝሻል። የኦክስፎርድና የሎንግማን የተማሪ መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ፍሬዛል ቨርቦቹን የሚያስቀምጡት በየግሡ ሥር ነው፤ የሚከፈተውን በሁለት አቅጣጫ በሚያመለክት ቀስት ያሳዩሻል። ቀስቱ ካለ ዕቃው እንደ «ኦፍ» ካለችው ትንሽ ቃል ፊትም ኋላም ይሆናል ማለት ነው።

በሙያሽ ውስጥ ያሉትን ደግሞ አትዝለያቸው። ልብስ ሰፊውን «አጥብብልኝ» ስንለው የሚሠራው «ቴክ ኢት ኢን» ነው። «አስፋልኝ» ሲሆን «ሌት ኢት አውት»። ከተመደበው ምርት ወደ ኋላ መቅረት «ፎል ቢሃይንድ»፣ ሺፍት መረከብ «ቴክ ኦቨር»።

ሲያወሩ የሚጠፋብሽ ግን በትርጉም ብቻ አይመስለኝም። ድምፁም አለበት። «ፒክ ኢት አፕ» ወረቀት ላይ ሦስት ቃል ነው፤ አፍ ላይ «ፒኪታፕ» የሚል አንድ ቃል ይሆናል። አሜሪካኖች ደግሞ መሃሏን «ት» ወደኛ «ር» ያስጠጓትና «ፒኪራፕ» ይሉታል። «ፑት ኢት ኦን» «ፑሪሮን» ይሆናል። አንቺ ሦስት ቃል ስትጠብቂ አንድ የማታውቂው ቃል ያልፍሻል። ስለዚህ ስትለማመጂ ቀጥለሽ ተናገሪው፤ አፍሽ የለመደውን ጆሮሽ ይይዘዋል።

ጉልበቱ የሚያርፍበትንም አስተውዪ። «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል ጎላ ብሎ የሚሰማው የመጨረሻው «ኦፍ» ነው። «ሉክ ፎር ኢት» ሲሆን «ሉክ» ይጎላና «ፎር» ትደክማለች፤ «ሉክ ፈሪት» ዓይነት ነገር ትሆናለች። አብዛኛውን ጊዜ እንደ «ኦፍ» እና «ፎር» ያለችው ትንሿ ቃል ከጎላች የሚከፈት ዓይነት ነው፣ ከደከመች የማይከፈት። ተማሪዎቼ ሁሉንም ቃል እኩል ያነባሉ። የአነጋገር ለዛውን የሚያጠፋው ከስህተት ይልቅ ይህ ነው።

«ትንንሾቹ ቃላት የየራሳቸው ትርጉም የላቸውም?» ትዪኝ ይሆናል። በመጠኑ አላቸው። «አፕ» ብዙ ጊዜ ነገሩን ሙሉ ያደርገዋል፤ «ኢት አፕ» (እዚህ «ኢት» መብላት ናት) ጥርግ አድርጎ መብላት፣ «ዩዝ አፕ» እስኪያልቅ መጠቀም። «ኦን» መቀጠልን ይናገራል፤ «ጎ ኦን»፣ «ካሪ ኦን»። ለመገመት ይጠቅማል፣ ቃል ለመፍጠር ግን አትመኚው። ፎርም መሙላት «ፊል ኢን»ም «ፊል አውት»ም ነው፤ «ኢን» እና «አውት» ተቃራኒ ሆነው ሳለ ትርጉሙ አንድ ነው። ከዚህ የባሰውን ደግሞ እባክሽ በደንብ ያዢልኝ። «ዘ ላይትስ ዌንት ኦፍ» ማለት መብራቱ ጠፋ ነው። «ዘ ፋየር አላርም ዌንት ኦፍ» ማለት ግን የእሳት አደጋው ደወል ጮኸ ነው። ቆመ ማለት አይደለም። በሥራ ቦታ አንድ ሰው ይህን ሲል ከሰማሽ ተነስተሽ መውጣት አለብሽ።

ስንቱን ልያዝ ካልሽኝ፣ የምትረጂው ብዙ፣ የምትናገሪው ጥቂት ይሁን። አሠልጣኞችሽ ከህንድ፣ ከስሪላንካ ወይም ከቻይና ከሆኑ እንግሊዝኛው ለእነሱም የተማሩት ቋንቋ ሊሆን ይችላል። «ፑት አፕ ዊዝ» ለአንዳንዱ ግር ሊለው ይችላል፤ «አክሴፕት» ብትዪው ይሻላል። ለዛ ያለው ንግግር ሰሚው የሚገባው ንግግር ነው። በሳምንት አራት ወይም አምስት ያዢ፣ ሁሉም በዚያ ሳምንት ከገጠመሽ ነገር የተወሰዱ ይሁኑ። ደብተርሽ ላይ ትርጉም አትጻፊ፤ የራስሽን ዓረፍተ ነገር ጻፊ። «ዊ ረን አውት ኦቭ ሌብልስ ዚስ ሞርኒንግ» ብለሽ፣ በእርግጥ ሌብል ባለቀ ቀን። ማታ ሰርቪስ ላይ በልብሽ ደግሚው። በማግስቱ፣ ከዚያ በሳምንቱ፣ ከዚያ በወሩ ተመለሺበት። በወሩ ያልረሳሽው ያንቺ ሆኗል።

ለጆሮ ልምምድ ቢቢሲ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚያዘጋጀው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ጥሩ ነው፤ አጭር ነው፣ ጽሑፉም አብሮ ይገኛል። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳታዪ አዳምጪ። ቀጥለሽ እያየሽ አዳምጪና ያመለጡሽን ፍሬዛል ቨርቦች አስምሪባቸው። ከዚያ ያሰመርሽበትን ዓረፍተ ነገር ድምፅሽን ስልክሽ ላይ እየቀዳሽ ተናገሪ፣ ከእነሱ ጋር አስተያዪ። ፊልምም ይጠቅማል፣ ግን የተዋናይ ንዴት ሁሉ ለሥራ ቦታ አይሆንም።

የተዋናይን ንዴት ያነሳሁት ስለ ትሕትና ለመናገር ነው። አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» አለው፤ የወሎ ሰው «አንቱ»ም ይላል። እንግሊዝኛ ይህን የሚያሳየው በአጠያየቁ ነው። «ሃሪ አፕ» ለእህትሽ ልጅ ይባላል፣ ለአለቃ አይባልም። «ሻት አፕ» ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፤ በሥራ ቦታ ስድብ ነው፣ ለማንም አትበዪው። «ፊል ዚስ ኢን» ደረቅ ትእዛዝ ነው። «ኩድ ዩ ፊል ዚስ ኢን፣ ፕሊዝ?» ስትዪ «እባክዎ ይሙሉልኝ» ያልሽ ያህል ነው።

ኢሜይሉን በተመለከተ፣ አዎ ተጠቀሚባቸው፣ ግን እየመረጥሽ። ለሥራ ባልደረባ አጭር መልእክት ስትልኪ «ዘ ሚቲንግ ሃዝ ቢን ፑት ኦፍ» ያምራል። ለአስተዳደር በምትጽፊው ሪፖርትና ደብዳቤ ላይ «ፖስትፖንድ» ይሻላል፤ የተማርሽው የመጽሐፍ እንግሊዝኛ እዚያ ቦታው ነው። «ፋይንድ አውት»፣ «ካሪ አውት»፣ «ሴት አፕ» በሁለቱም ያስኬዳሉ። ደብዳቤ መዝጊያ ላይ ደግሞ ጥሩ ሆኖ የሚገኘው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው፤ መልስ በጉጉት መጠበቅ። ከኋላው የሚመጣው ግሥ «ኢንግ» ይጨምራል፤ እዚህ ያለችው «ቱ» እንደ «ቱ ጎ»ዋ «ቱ» አይደለችምና። «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ብለሽ ጻፊ፤ «ቱ ሂር» አትበዪ።